ሸጋው በጉም ውስጥ ያገኘው ሰው

ዓይነ ስውር ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ የሆነውን ነገር እኔ በነበርኩበት በኩል ሆናችሁ እንድትሰሙልኝ ነው። እኔ በምነግራችሁ ነገር ውስጥ መልክ የለም። ያለው ድምፅ፣ ሽታ፣ ንፋስና እጄ የነካው ነገር ነው።

ስሜ ትርንጎ ነው። የተወለድኩት ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ውስጥ ነው። ዓይኔን የወሰደብኝ ኩፍኝ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ገና እግር አልተከልኩም ነበርና ብርሃን ምን እንደሚመስል አላስታውስም። አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቼ ብሬል ተማርኩ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ አሁን ንፋስ መውጫ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ።

ሰላማዊትን፣ እኔ ሰላም የምላትን፣ ያገኘኋት ዩኒቨርሲቲ ነው። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። በብሬል ያልተጻፈውን መጽሐፍ ሁሉ ታነብልኝ የነበረችው እሷ ናት። ፈተና ሲደርስ ድምፅዋ እስኪዘጋ ታነባለች፤ ሲዘጋም ጆሮዬ ሥር ሆና በሹክሹክታ ትቀጥላለች። አባቴ የሞተ ጊዜ ወገዳ ድረስ አብራኝ መጥታ፣ ቀብሩ ላይ እጄን ይዛ፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሚያለቅስ፣ እናቴ የት እንደቆመች አንድ በአንድ ነግራኛለች። ሰዎች «እህትሽ ናት?» ሲሉኝ «አዎ» ብዬ ማለፍ ይቀለኝ ነበር። ውሸትም አይመስለኝም ነበር።

ከተመረቅን በኋላ እሷ ባሕር ዳር ሥራ ያዘች። ቆይታ ሥራውን ተወችና በስልኳ ቪዲዮ እየቀረጸች ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ጀመረች። የምግብ፣ የጉዞ፣ የሰው ታሪክ። ትደውልልኝና «ተከታዮቼ እየበዙ ነው» ትለኛለች፤ እኔም ደስ ይለኛል። ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ሳትነግረኝ መጣች። በር ላይ ቆማ «እጅሽን ዘርጊ» አለችኝ። ዘረጋሁ። ሙቅ፣ ጠጉሩ እንደ ጥጥ የተነደፈ፣ ልቡ ቱክ ቱክ የሚል ነገር እጄ ላይ አስቀመጠች። ወዲያው ጣቴን ላሰኝ።

«ቡችላ!»

«ቡችላ ብቻ አይደለም። ሀስኪ ይባላል ዘሩ። ውጭ አገር ዓይነ ስውር የሚመራ፣ መንገድ የሚያሻግር፣ ጉድጓድ ሲያይ የሚቆም ውሻ አለ ስልሽ አልነበር? እሱን አመጣሁልሽ።»

«ይኼ? ይኼ ሚጢጢ?»

«ያድጋላ! አንቺ አሳድጊው፤ እኔ እንዴት እንደሚሠለጥን እየጠየቅሁ እነግርሻለሁ። ደግሞ ብርድ ይወዳል። ለንፋስ መውጫ ነው የተፈጠረው።»

አቅፌው አለቀስኩ። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ሰው ሳይዘኝ፣ «ቲቸር ላድርስሽ?» ሳልባል፣ የባጃጅ ጥሩምባ ሳያስደነግጠኝ ከቤቴ እስከ ክፍሌ መሄድን ስመኝ ነው የኖርኩት። ነጭ ዘንጌ፣ እኛ ኬን የምንላት፣ ድንጋይና ቦይ ትነግረኛለች፤ ፊት ለፊት የሚመጣውን ጋሪ ግን አትነግረኝም።

ስሙን ሸጋው አልኩት። ያዩት ሁሉ «እንዴት ያለ ሸጋ ነው!» እያሉ ስለሚያልፉ ነው።

የቤት አከራዬ እማማ ዘርፌ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። «ልጄ፣ ውሻ ግቢ ነው ወጉ። ዳዊት ከሚደገምበት ቤት ውሻ አይገባም» አሉኝ። እሱ ደግሞ ግቢውን ይመርጣል። ውርጭ ሲጥል፣ እኛ ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ፣ እሱ ደጅ መሬቱ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ጠዋት ስነካው ጠጉሩ ላይ በረዶ ቆሞ አገኘዋለሁ። እማማ ዘርፌ «ይኼስ የሰይጣን ፍጥረት ነው» ይሉና ቁራሽ ይጥሉለታል።

እንደ ሌላ ውሻ አይጮኽም። ያላዝናል፤ ደግሞ ያወራል። የሚያውቀው ሰው ሲመጣ ከጉሮሮው «ውዉዉ፣ ኧዉዉ» እያለ፣ ልክ እንደ ተቆጣ ሕፃን ረጅም ነገር ያወራል። ይህን የሚያደርገው ለሦስታችን ብቻ ነበር፤ ለእኔ፣ ለእማማ ዘርፌና ለሰላም። ለሌላው ሰው ግን ጅራቱን መቁላት አያንሰውም። ሌባ ቢመጣ እጁን ልሶ የሚያስገባ ውሻ ነው።

እያደገ ሲሄድ ጭንቀት ጀመረኝ። ሰላም ያመጣችልኝን፣ ጀርባው ላይ እጀታ ያለውን መታጠቂያ ሳስርለት፣ ይጎትታል። መጎተት ስላችሁ፣ በሬ ሞፈር እንደሚጎትት። «ቁም» ስለው ሲፈልግ ይቆማል፤ ሳይፈልግ አይሰማኝም። ድመት ከሸተተው አለቀልኝ። የእማማ ዘርፌን ዶሮዎች አንድ በአንድ ፈጀ። የአጥሩን ሥር ቆፍሮ እየወጣ ገበያ መሀል ይገኛል፤ ማንም በገመድ ስቦ ያመጣልኛል፤ ከማንም ጋር ደስ ብሎት ይመጣል።

ለሰላም እነግራታለሁ። «ልጅ ስለሆነ ነው» ትለኛለች። «አዲስ አበባ አንድ አሠልጣኝ አለ ብዬሽ የለ? በርቺ፣ ታገሺው ይላል።» እየመጣችም በስልኳ ትቀርጸናለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አሠልጣኙ እድገቱን ማየት አለበት» አለችኝ። እኔ ራሴ ላናግረው ብዬ ለመንኳት፤ «ሥራ ይበዛበታል፣ በእኔ በኩል ይሻላል» አለች። መጽሐፉን ሁሉ ያነበበችልኝ ሰው ናት። ያልተጻፈ ታነብልኛለች ብዬ በምን ልጠርጥር?

ያ ዓርብ የሆነው ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ነው። ክረምቱ ገና ጠቅልሎ አልወጣም። የጠዋት ፈረቃዬን አስተምሬ ስወጣ ሰላም የሰው መኪና ተውሳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሸጋውን ከቤት አምጥታዋለች። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ወሬውን ጀመረልኝ።

«ዛሬ የመጨረሻ ፈተናው ነው» አለችኝ። «አሠልጣኙ ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲመራሽ ማየት ይፈልጋል። ካለፈ፣ ወስዶ በነፃ ያሠለጥነዋል።»

አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነዳች። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ጭንቅላታችን ጣሪያ እየመታ ሳቅን። የዶርም ዘመናችንን አነሳች፤ እኔም በዚያ ጠረጴዛ ሥር ደብቀን በምናበስለው ሽሮ ሳቅሁ። ይህን የምነግራችሁ ልቤ እንዴት ክፍት እንደነበር እንድታውቁ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ስንወርድ ከእኔ የተሻለ ጓደኛ ያለው ሰው በጋይንት ምድር ያለ አይመስለኝም ነበር።

መኪናውን አቆመች። አየሩ እርጥብ ገብስ ይሸታል። ከታች በኩል ቀዝቃዛ ንፋስ ሽቅብ ይነፍሳል፤ ንፋስ እንደዚያ ከሥር ሽቅብ ሲመጣ ቦታው ባዶ፣ ጥልቅ እንደሆነ አውቃለሁ።

«እዚህ ገደል አለ አይደል?» አልኳት።

«አለ፤ ግን ሩቅ ነው። እኔ አለሁልሽ። ኬንሽን ስጪኝ፣ መኪና ውስጥ ትቀመጥ።»

«ለምን?»

«አንቺ ደግሞ! ኬን ይዘሽ ከሄድሽ ውሻው መምራቱ በምን ይታወቃል? ስልክሽንም ስጪኝ፤ መሀል ላይ ይጮኽና ያበላሽብናል።»

ኬኔን ሰጠኋት። ስልኬን ሰጠኋት። ክንዴን ይዛ በሣሩ ላይ ትንሽ ወስዳ አቆመችኝ።

«መንገዱ ከኋላሽ ነው፤ ገደሉ በቀኝሽ በኩል ራቅ ብሎ ነው። እኔ መንገዱ ጋ ልሂድ። ስጠራሽ 'ወደ ቤት' በዪው፤ ያመጣሻል።»

«እንዳትርቂ።»

«የት እሄዳለሁ ብለሽ?» አለችና ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች። እርጥቡ ሣር ከእግሯ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ከዚያ ራቀ፤ ከዚያ ጠፋ።

ጠበቅሁ። ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ እርጥበት ሲያርፍ ጉም እንደመጣ ገባኝ። ጉም ሲመጣ ድምፅ ሁሉ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ይታፈናል። ሸጋው ቁጭ ብድግ ይላል። ጥሪዋን እጠብቃለሁ፤ አትጠራም።

«ሰላም?» አልኩ።

ዝም።

«ሰላም! እንጀምር?»

መልስ የለም። መጀመሪያ ስልኳ ተበላሽቶባት ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ መኪናው ጋ ሄዳ ይሆናል አልኩ። ጮክ ብዬ ተጣራሁ። ደግሜ ተጣራሁ። ያን ጊዜ ነው በገደሉ በኩል ድንጋይ ሲንሸራተት የሰማሁት። ሸርተት፤ ከዚያ ኳ፤ ከዚያ ከታች፣ ከሩቅ፣ ሌላ ኳ።

ወደ ድምፁ ዞርኩ።

«ሰላም!» ብዬ ጮኽኩ። «ሰላም! አንቺ ነሽ? ሰላም!»

ምንም የለም። ንፋሱ ብቻ። ጓደኛዬ ጉም ውስጥ እግሯ ስቶ ገደል ገባች ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምን ላስብ? ደህና ብትሆን አትመልስልኝም? በዚህ ዓለም ላይ ስጠራት ዝም የማትለኝ ሰው ማን ናት ብትሉኝ ስሟን ነበር የምጠራላችሁ።

እርዳታ ለመጥራት ወደ መንገዱ መውጣት ነበረብኝ። ነገር ግን ድንጋዩን ስሰማ ዞሬያለሁ፤ ሸጋውም አንድ ሁለቴ አዟዙሮኛል። መንገዱ የት እንደሆነ ጠፋኝ። «ወደ ቤት! ሸጋው፣ ወደ ቤት!» አልኩት። ያንን ትእዛዝ ያስተማርኩት በስንት ልፋት ነው! እሱ ግን የሆነ ነገር ሸተተው መሰለኝ በሙሉ ኃይሉ ቁልቁል ጎተተኝ። ጭቃው አንሸራተተኝ፤ በጉልበቴ ወደቅሁ። እጀታውን አልለቀቅሁም። ደረቴ መሬት እየነካ ትንሽ ጎተተኝና ቆመ።

እዚያው በአራት እግሬ ሆኜ አሰብኩ። እኔ ባልፈልጋት ማን ይፈልጋታል? ጉም ነው፤ ሰው የለም፤ ምናልባት ወድቃ ቅርንጫፍ ይዛ፣ መናገር አቅቷት ይሆናል። እጀታውን ለቅቄ የሸጋውን ገመድ ክንዴ ላይ ጠመጠምኩና ድንጋዩ ወደወደቀበት አቅጣጫ መዳህ ጀመርኩ። በአንድ እጄ ፊት ለፊቴን እየደበደብኩ።

«ሰላምዬ፣ ትሰሚኛለሽ? እንዳትንቀሳቀሺ! እየመጣሁ ነው። እኔ ነኝ፣ ትርንጎ ነኝ።»

በመሀሉ ከላይ፣ ከሩቅ፣ የወንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። «ኧረ አንቺ ሴት!» አለ።

ቀና ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮኽኩ። «ድረሱልኝ! ሰው ገደል ገባ! ጓደኛዬ ገደል ገባች!»

ድምፁ ደግሞ አልመጣም። ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት።

ሣሩ አለቀና ድንጋይ ሆነ። ነጠላዬን አወለቅሁ፤ ካገኘኋት ልዘረጋላት ብዬ ጫፉን እጄ ላይ ቋጠርኩት። አሁን ሳስበው ነጠላ ሰው አይጎትትም፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ምንም አልነበረኝም። ትንሽ እንደዳህኩ እጄ መሬት አጣ። ባዶ። ጠጠር ገፋሁ፤ ሄደ፤ ድምፁ እስኪመጣ ቆየ። በሆዴ ተኛሁ። አንገቴን ወደ ባዶው አውጥቼ፣ ንፋሱ ፊቴን እየመታኝ፣ ወደ ታች ጠራኋት።

«ሰላም! ሰላምዬ! እባክሽ አንድ ጊዜ ብቻ 'አቤት' በዪኝ!»

ከዚያ በኋላ ምን ምን እንዳልኩ አላውቅም። መድኃኔዓለምን ለምኛለሁ። ስለት ተስያለሁ። እናቷን ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አልቅሻለሁ። «ምነው እኔን ባትወጂ፣ ምነው ለእኔ ብለሽ ባትመጪ» ብዬ ራሴን ረግሜያለሁ። እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት፤ አፍንጫዬን ሳልጠርግ፣ አፌ አፈር እየበላ።

ክንዴ ላይ የጠመጠምኩት ገመድ ከኋላዬ ተወጠረ። ሸጋው ወደ ጎን ይጎትተኛል። «ተው!» አልኩት። አልተወም። ከዚያ ያን ድምፁን አወጣው። «ውዉዉ፣ ኧዉዉ፣ ውዉ።» ለሚያውቀው ሰው ብቻ የሚያወራውን ወሬ። ጅራቱ ቁጥቋጦውን ሲገርፍ ይሰማኛል።

አገኛት አልኩ። ቆስላ ወድቃ አገኛት! በጉልበቴና በክርኔ ተከተልኩት። ሩቅ አልነበረም። እጄን ዘረጋሁና ጫማ ነካሁ።

ጫማው ቆሟል። የወደቀ ሰው ጫማ አይደለም፤ ሶሉ መሬት ላይ በደንብ ተተክሏል። ወደ ላይ ዳበስኩ። ቁርጭምጭሚት። ጂንስ ሱሪ። ጉልበት። ሙቅ ነው። አይንቀሳቀስም። የጃኬቷን ዚፕ አገኘሁት፤ ዶርም እያለን እኔ የሰፋሁላት ዚፕ ነው፤ ሽታዋንም አወቅሁት። የእሷ ቅባት ነው።

«ሰላም?» አልኩ በቀስታ።

ዝም አለች። ትንፋሿን ሰማሁት። ከራሴ በላይ ትንሽ ድምፅ «ጢክ» አለ፤ ስልክ መቅረጹን ሲያቆም የሚያወጣት ድምፅ። ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ!

«ትርንጎዬ» አለች ሰላም። ያለቀሰች ትመስላለች። «ትርንጎዬ፣ እንዴት እንዳማረ ብታውቂ!»

አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ ወዲያው አልገባኝም። መጀመሪያ አቀፍኳት። ተርፋለችና እግሯን አቅፌ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከዚያ ነው ቃሉ ጆሮዬ የደረሰው።

«ምኑ ነው ያማረው?»

«ተነሽ፤ ጭቃ ሆነሻል። ተነሽ እነግርሻለሁ።»

«እዚህ ነበርሽ?»

«ትርንጎ...»

«ስጠራሽ እዚህ ነበርሽ?»

«ቀድሜ ብነግርሽ እውነት አይሆንማ» አለች። «ስሜቱ እውነት መሆን አለበት። ውሻው ጉም ውስጥ ሲመራሽ ልቀርጽ ነበር፤ ከዚያ ድንጋይ ረገጥኩና አንቺ እኔን መፈለግ ጀመርሽ። ያንን ማቋረጥ አልቻልኩም። አንቺ አላየሽውም እንጂ...»

«ገደሉ ጫፍ ላይ ነበርኩ።»

«እይዝሽ ነበር። ቅርብ ነበርኩ።»

በዚህ መሀል ከላይ የአህያ ኮቴና የሰው እርምጃ መጣ። አርብ ገበያ ገበያ ውሎ የሚመለስ ገበሬ ነው። ሲደርስ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«እህት ዓለም፣ ተረፍሽ?» አለኝ። «እኔስ አለቀላት ብዬ ነበር። ጉሙ ገለጥ ሲል ወደ ገደሉ አፍ ስትድሂ አይቼ ጮኽኩ እኮ! ይች እመቤት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችኝ። ደግማ በእጇ ተመለስ፣ ሂድ አለችኝ። ድራማ የምትሠሩ መስሎኝ ቆምኩ። እንዲያው ለቅሶሽ ግን የድራማ አልመስል አለኝ።»

ዝም በል አለችው። ሰው ገደል ገባ እያልኩ ስጮኽ፣ ሊደርስልኝ የመጣውን ሰው፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ወደ ሰላም ዞርኩ። «አሠልጣኙ ነው ይህን ያዘዘው?»

ገበሬው አህዮቹን ያረጋጋል።

«አሠልጣኝ የለም» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ አንድ ሰው ጠይቄ ነበር። ሀስኪ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለመጎተትና ለመሮጥ ነው የተፈጠረው፤ ልቡም ለሁሉ ሰው ነው አለኝ።»

«መቼ ነው ያለሽ?»

«ሳልገዛው በፊት።»

«ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ?»

«ቆንጆ ነዋ ትርንጎ! ዓይኑ ሰማያዊ ነው። የሌላ ዘር ውሻ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ እሱን ግን ሰው አንዴ ሲያየው ማለፍ አይችልም።»

አንድ ዓመት ሙሉ ከቁርሴ ያካፈልኩት፣ በጎተተኝ ቁጥር ጉልበቴ እየተላጠ «ታገሺው» እየተባልኩ ያሳደግሁት፣ እኔ ለማላየው ሰማያዊ ዓይኑ ኖሯል።

ኬኔንና ስልኬን ከመኪናው እንዲያመጣልኝ ገበሬውን ለመንኩት። አመጣልኝ። ሰላም «ግቢ፣ ላድርስሽ፣ ይበርድሻል» እያለች ተከተለችኝ። «ዛሬ ተናደሻል፤ ሲወጣ ስትሰሚው ትረጂኛለሽ» አለች።

«እንዳይወጣ» አልኳት። «ከእኔ ጋር ያለሽ ነገር ሁሉ እንዲያበቃ ካልፈለግሽ ያንን ቪዲዮ ማንም እንዳያየው።»

«እሺ» አለች። «እናቴ ትሙት! እሺ።»

ገበሬው፣ አያ ሞላ ይባላሉ፣ የአህያቸውን ጭነት ገመድ አስያዙኝና በሌላ እጄ ኬኔን ይዤ ዳገቱን ወጣን። ሸጋው አያ ሞላን ከእኔ እኩል እያፈቀራቸው ከፊት ይጎትታል። መንገድ ላይ ሚኒባስ እስኪያገኘን ብዙ አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ «ዘመድሽ ናት?» አሉኝ።

«አይደለችም» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቪዲዮውን ለቀቀችው። የሰማሁት መምህራን ክፍል ውስጥ ነው። አንዲት ባልደረባዬ በስልኳ ከፍታው ገባሁ። አሳዛኝ ክራር ከሥሩ ገብቶበታል። ከክራሩ በላይ የራሴ ድምፅ «እባክሽ አንድ ጊዜ ብቻ 'አቤት' በዪኝ» ይላል። ቆሜ ቀረሁ። ባልደረባዬ እያለቀሰች አቀፈችኝ። «እንዴት ያለ ጓደኝነት ነው ቲቸር ትርንጎ! እንዴት ያለ ውሻ ነው! ጓደኛሽን ከገደል አዳነልሽ» አለችኝ። ሰላም የቆመ ጫማዋን ቆርጣ አውጥታዋለች፤ ከሸጋው ወሬ ቀጥሎ የሚሰማው እኔ በቀስታ «ሰላም?» ስል ነው። ያ ጥሪ ደግሞ እውነት ነበር፤ በእኔ በኩል።

ለባልደረባዬ የሆነውን ነገርኳት። ደነገጠች፤ ግን ግማሹን ያመነችኝ አይመስለኝም። ተማሪዎቼም ክፍል ውስጥ አጨበጨቡልኝ፤ ለእነሱም ነገርኳቸው። ከኋላ አንዷ «ቲቸር፣ እና እሷ ዓይኗ እያየ?» አለች። «አዎ፣ እያየ» አልኳት። ከዚያ ወደ ትምህርታችን ገባን።

ሰላም ከጊዜ በኋላ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ይቅርታ አልነበረም። «ተከታዮቼ ሸጋውን ደግመው ማየት ስለሚፈልጉ ለጥቂት ጊዜ ባሕር ዳር ልውሰደው፤ ለነገሩ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ሰው እልካለሁ» ትላለች። እማማ ዘርፌ አብረውኝ ሰሙ። ዶሮዎቻቸውን የፈጀባቸውን ውሻ አንገቱን አቅፈው «እስቲ የሚወስደው ይምጣ!» አሉ።

እኔ የመለስኩላት አጭር ነው። «ሰው አትላኪ። ራስሽ ነይ፤ ደጄ ላይ ቆመሽ ስምሽን ተናገሪና ውሰጂው» አልኳት።

አልመጣችም።

ሸጋው አሁንም እኛው ዘንድ ነው። መታጠቂያውን አውጥቼለታለሁ። አንድ የውሻ ነገር የሚያውቅ ሰው በስልክ አግኝቼ ጠይቄ ነበር፤ «ውሻው ምንም ጥፋት የለበትም፤ ያልተፈጠረለትን ሥራ ሰጥታችሁት ነው» አለኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከከተማው ዳር እወስደውና ረጅም ገመድ አስሬ እስኪደክመው ይሮጣል። እኔ ትምህርት ቤት የምሄደው በኬኔ ነው። ጋሪም ይገጨኛል፤ ባጃጅም ያስደነግጠኛል። ተመስገን ነው።

ብዙ ሰው «ይቅር በያት፤ ያነበበችልሽን አስቢ» ይለኛል። አስባለሁ። የሚያመኝም እሱ ነው። ያነበበችልኝ ውሸት አልነበረም፤ ቀብሩ ላይ የያዘችኝ እጅ ውሸት አልነበረም። ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ያቺው ሰላም ናት እዚያ ቆማ ያየችኝ። ይህን ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ እስከ ዛሬ አልቻልኩም፤ የቻለ አንባቢ ካለ ይንገረኝ።

እናንተ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከዓይነ ስውር ጋር ስትሆኑ ተናገሩ። ስትመጡ «መጣሁ»፣ ስትሄዱ «ሄድኩ» በሉ። እኛ ሰውን የምናውቀው በድምፁ ነው፤ ዝም ስትሉን የምትጠፉብን እናንተ ናችሁ። እኔ ድሮ ዝምታን አልፈራም ነበር። ዝም ያለ ክፍል ሰው የሌለበት ክፍል ነበር፤ ገብቼ ነጠላዬን ጥዬ፣ እያንጎራጎርኩ፣ አንዳንዴም እያለቀስኩ አርፍበታለሁ። አሁን ግን የገዛ ቤቴን በር ከፍቼ ስገባ፣ ምንም ድምፅ በሌለበት፣ ደፉ ላይ እቆማለሁ። እጄን ወደፊት እዘረጋለሁ።

«ማን አለ?» እላለሁ።

ማንም አይመልስም። እኔም አላምነውም።